ለአባቷ የመረጠችው ክሬን

ሄዘል ጊልሞር መጀመሪያ ወደዚያ ሱቅ በገባችበት ቀን ግራ ቅንድቧ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ከፕላስተሩ ሥር ያለውን ቁስል ያወጣው የአባቷ የሻይ ስኒ ነው። ኸርቢ ጊልሞር ስኒውን የወረወረው ወደ ግድግዳው እንጂ ወደ እሷ አልነበረም። ግን እግሩ በላሜራ ሥር ደቅቆ ከመርከብ መሥሪያው ከተሰናበተ ወዲህ፣ ከወንበሩ ሆኖ የማይወረውረው ነገር አልነበረም። ሳህን ይወረውራል፣ ጫማ ይወረውራል፣ ስድብ ይወረውራል። በዚያ ቤት በኩል ያለፈ ሰው አንዱ ሳያገኘው አይቀርም።

“እጁን ሥራ አስይዢለት፤” ብሏት ነበር ሐኪሙ። “ዕድሜ ልኩን ክሬን ሲያንቀሳቅስ የኖረ እጅ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያብዳል።”

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1973፣ አገሩ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት የሚጋደሉባት ቤልፋስት ነው። መሐል ከተማ ለመግባት በዙሪያው በተተከለው የብረት አጥር በር ላይ ቦርሳን ከፍቶ ለወታደር ማሳየት ግድ ነበር። የሱቁ መስኮት ባለፈው ወር ፍንዳታ ረግፎ በኮምፔንሳቶ ተመትቷል፤ በላዩም በነጭ ቀለም “ክፍት ነን” ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ እስከ ጣሪያ የተገጣጣሚ መጫወቻ ካርቶን ነው። ጥግ ላይ ሁለት ራሰ በራ ጎልማሶች በእጃቸው አንዲት ትንሽ ማርሽ ይዘው፣ ጥርሷ ልክ ነው አይደለም እያሉ እንደ ፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ።

“ምን ልርዳሽ?” አለ ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ቀጭን ወጣት።

“ተገጣጣሚ ነገር ፈልጌ ነበር።”

“ለስንት ዓመት ልጅ?”

“ለስድሳ ዓመት ሕፃን።”

ሳቀ። እሷም ስትስቅ ፕላስተሩ ቅንድቧን ጨመደደውና እጇን ወደ ግንባሯ አነሳች። ወጣቱ አየ፤ አልጠየቀም። ሦስት ሣጥን አውርዶ ፊቷ ደረደረ።

“ይኼ ሰዓት ነው፤ ሙሉውን ከእንጨት። ቆንጆ ነው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።”

“ትዕግሥት የሚባል ነገር ቤታችን አልፎ አያውቅም።”

“ይኼ ደግሞ የእንፋሎት ሞተር። እሳት አለው።”

“እሳት? ቤቱን ከነነፍሳችን ሊያነደው!”

“እንግዲያው ይኼ የጭነት መኪና። በሳምንት ያልቃል።”

“ሲያልቅስ? ሲያልቅ ተመልሶ ወደ ስኒው ነዋ።” ቅንድቧን እንደነካች ድንገት አፈረች።

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?”

“የመርከብ መሥሪያው ክሬን ነጂ። ስሙን ሰምተህ ይሆናል፤ ኸርቢ ጊልሞር ሲባል የማያውቀው የለም።”

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ተጠርጎ ጠፋ። መሰላል ላይ ወጥቶ ከሁሉም በላይ የነበረውን ባለ ሦስት መሳቢያ የእንጨት ሣጥን አወረደ። “ዕቃው ሙሉ መሆኑን ልይልሽ” ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ቆየ። ሲመለስ ዓይኖቹ የሌላ ሰው ዓይኖች ነበሩ።

“ክሬን ነው። ብረት በብረት። ከዚህ የሚከብድ የለንም።”

“ይችለዋል?”

“እሱን እናያለን።”

“ካሃል!” ብሎ ተጣራ ከጥግ አንደኛው ጎልማሳ፤ ሄዘልም ነገሩ የገባት መሰላት። በዚያ ከተማ ስም ከመታወቂያ በላይ ይናገራል። ካሃል የካቶሊክ ስም ነው፤ ጊልሞር የፕሮቴስታንት። እሱ በስሟ ቀዘቀዘ፣ እሷም በስሙ። ለክረምት ካፖርት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ሣጥኑን ታቅፋ ወጣች። እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ግን ያ የጠፋው ፈገግታ ደረቷ ላይ እንደ ደንጊያ ከብዷት ነበር።

*

“አሻንጉሊት?” አለ ኸርቢ። “ለኔ? አሻንጉሊት?”

ሣጥኑን በደኅና እግሩ ገፍትሮ ከጠረጴዛው ጣለው። ብሎኑና ዳዶው ቤቱን ሁሉ ሞላው። ሄዘል በሩን ዘግታ ወጣች።

በማግስቱ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ስትመለስ አባቷ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ከሶፋው ሥር ዳዶ ይለቅም ነበር።

“ይኼን የመገጣጠሚያ ሥዕል የሳለው ሰውዬ በሕይወቱ ክሬን ላይ ወጥቶ አያውቅም፤” አለ ቀና ሳይል። “ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ካቻቢቴውን አቀብዪኝ!”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስኒ መወርወር ቆመ። ክሬኑ በየቀኑ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ የኸርቢ ደረት ደረሰ። ግን አልዞረም። ኸርቢ ገፋው፤ ንቅንቅ የለም። ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

“ኩሽኔታ የለውም! የሚዞርበት ትልቁ ኩሽኔታ የለም! ኩሽኔታ የሌለው ክሬን የሸጠልሽ ማን የሚሉት ሌባ ነው?”

ሄዘል ቅዳሜ ሱቁ ገብታ ነገሩን ስትነግረው ካሃል ዓይኗን አላያትም። “ከፋብሪካው ጎድሎ መጥቶ ይሆናል። አዝዤ አስመጣለሁ። ቅዳሜ ነይ።”

ቅዳሜ መጣች፤ ኩሽኔታው አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም። እሷ ግን አባቷ የጎደለ ዳዶ፣ የተጣመመ ዘንግ፣ ያጠረ ሰንሰለት ባወጣ ቁጥር ትመላለሳለች። መጀመሪያ ቆማ፣ በኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከዚያ ከባንኮኒው ኋላ ገብታ።

አንድ ቀን ሁለት ማርሽ እጇ ላይ አስቀምጦ “አየሽ፣ በጣም ከተጠጋጉ ይተናነቃሉ፣ ከተራራቁ ደግሞ አይገናኙም” አላት።

“ይኼን ለስንት ሴት ብለሃል?”

“እዚህ ሱቅ የሚመጣውን ሰው አይተሽ የለ? ለራሰ በራ ሁሉ ብያለሁ።”

ሳቋን ለማፈን አፏን በእጇ ስትይዝ ዓይኖቻቸው ተገናኙ፤ ሁለቱም አላነሱም። የዚያን ቀን ቤቷ ገብታ የብሎን ከረጢቷን ስትፈታ ትንሽ ወረቀት አገኘች። “ቅዳሜ ሩቅ ነው” ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ደጋግማ አነበበችውና ከትራሷ ሥር አስቀመጠችው።

በጋው ሲገባ ካሃል ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሎ መዳፏ ላይ አኖረው። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

“መጣ?”

“መጣ።”

“ታዲያ ምነው ሐዘን የደረሰብህ መሰልክ?”

“ከእንግዲህ ለመምጣት ምክንያት የለሽማ።”

ሄዘል ዞር ብላ በሩን አየች፤ ማንም የለም። ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ሳመችው። ወደ ቤቷ የሄደችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው።

ክሬኑ ሲዞር ኸርቢ ጊልሞር አለቀሰ። ሚስቱ ስትቀበር ያላለቀሰ ሰው ጣቱን ማንሻው ላይ እንዳደረገ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። “ያን ልጅ አምጪው እስቲ” አለ። “እጁን ልጨብጠው። ማነው ስሙ?”

“ኬኔት፤” አለች ሄዘል፣ የፕሮቴስታንት ስም ፈጥራ።

“ደግ ስም ነው።”

ወንድሟ መርቪን ከሚበላው ሳህን ላይ ቀና ብሎ አያት። መርቪን በሰፈሩ ታጣቂዎች ዘንድ የታመነ ልጅ ነበር፤ ሲናገር የሚፈራውን ያህል ዝም ሲልም ይፈራል። ሄዘል ዞር ብላ ወደ ማጀት ገባች።

*

መርቪን ስለ ልጁ ሲያጣራ ሰንብቶ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ የመጣው ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው። ሄዘል ጓዳ ውስጥ ካርቶን ትደረድር ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ ሲወረወር ሰማች፤ ቀጥሎ የወንድሟን ድምፅ።

“ኬኔት አንተ ነህ?”

“ካሃል ነኝ። ካሃል ዴቭሊን።”

“እሱማ ነህ።”

የመጀመሪያው ቡጢ ድምፁ እርጥብ ሥጋ ጠረጴዛ ላይ እንደተጣለ ነበር። የመስታወቱ መደርደሪያ ተደረመሰ። ሄዘል ሮጣ ስትወጣ ካሃል ስብርባሪው ላይ ተዘርሯል፤ ሁለቱ ጎኑን በቦት ጫማ ይረግጡታል። አፍንጫው ወደ አንድ በኩል ዞሯል። ሊነሳ በእጁ ሲደገፍ መስታወቱ መዳፉን ሰነጠቀው።

“መርቪን! ተወው! መርቪን!”

“አንቺ ውጪ!” ጮኸ ሳያያት። “ያዙልኝ እጁን። እህቴን የነካህበት የትኛው ነው? ቀኙ?”

እጁን ጎትተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። መርቪን ከጃኬቱ ውስጥ መዶሻ አወጣ። አንዴ መታ። ካሃል የሰው የማይመስል ድምፅ አሰማ። ሁለተኛ መታ። ሦስተኛ ሲያነሳ ሄዘል ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ትልቁን የብሎን መፍቻ ኪያቤ በሁለት እጇ አንስታ ወንድሟን መንጋጭላው ላይ አሳረፈችበት።

መርቪን ወደቀ። ከአፉ ደምና ጥርስ ወጣ። ጓደኞቹ ደንዝዘው ቆሙ፤ እህትየዋ ከመታች ምን እንደሚደረግ ማንም አልነገራቸውም።

“ሂዱ፤” አለች ኪያቤውን እንዳነሳች። “ሂዱ፣ አለበለዚያ እገድለዋለሁ። እውነቴን ነው።”

ደግፈው አነሱት። በሩ ጋ ሲደርስ መርቪን ዞሮ ደም ተፋ። “ጅል!” አላት። “ይወደኛል ብለሽ ነው? ለአባዬ ዴቭሊን የሚለውን ስም ስነግረው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‘የፌሊም ልጅ ነው’ ነው ያለው። ካቶሊኮቹን ከመርከብ መሥሪያው ባባረርንበት በጋ የፌሊምን ዓይን ያፈሰሰው አባዬ ነው! ይኼ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን እንደሆንሽ ያውቃል። ጠይቂው!”

ወጡ። ሄዘል ከካሃል አጠገብ ተንበረከከች። ሻርፗን አውልቃ የደቀቀውን እጁን ስትጠቀልል ጣቶቿ በደሙ ይንሸራተታሉ።

“ውሸት ነው በለኝ።”

ዓይኑን ጨፈነ።

“ካሃል፣ ውሸት ነው በለኝ።”

“ስሙን ስትነግሪኝ አወቅኩት፤” አለ በተቀደደ ከንፈሩ። “ከሁሉ የሚከብደውን የመረጥኩት እንዲያቅተው ብዬ ነው። ኩሽኔታውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፋብሪካው አልነበረም። ወራት ለፍቶ ለፍቶ፣ የማይዞር ነገር ፊት ቁጭ እንዲል ፈልጌ ነበር። እንደ አባቴ። አባቴ ስንት ዘመን መስኮት ፊት ቁጭ ብሏል።”

“እኔስ?”

“መጀመሪያ አንቺንም ጠልቼሻለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ቅዳሜ ሩቅ ሆነብኝ።”

አምቡላንሱ እስኪመጣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ይዛ ቆየች። ሲመጣ ግን አብራው አልገባችም። በሩ ሲዘጋ እሱ በደኅናው እጁ አየሩን ሲዳብስ አየች። የፈለገው የእሷን እጅ ነበር፤ እሷም እጇን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ይዛዋለች። እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም፤ እሱንም።

*

የመዶሻው ድምፅ ከመንገድ ይሰማ ነበር። ሄዘል ቤቷ ስትገባ ኸርቢ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ክሬኑን ይቀጠቅጣል። ግማሹ ብረት ተጣሞ፣ ዘንጉ ታጥፎ፣ ሰንሰለቱ እንደ አንጀት ተዘርግፏል። የገዛ አውራ ጣቱንም መትቶ ይደማል፤ አላወቀውም።

“አባዬ፣ የፌሊምን ዓይን ያፈሰስከው አንተ ነህ?”

መዶሻው ቆመ።

“ምሳ አብረን ነበር የምንበላው፤” አለ ኸርቢ። “ሚስቱ የጋገረችውን ኬክ ግማሹን የሚያመጣው ለኔ ነበር። ያን ቀን ሁሉም ካቶሊኮቹ ላይ ብሎን ሲወረውር አንደኛው ሰው እጄ ባዶ መሆኑን አየ። ‘ኸርቢ፣ ጓደኛህ ነው እንዴ?’ አለኝ። ወረወርኩ። ሌሎቹ ሁሉ ሳቱ። እኔ ግን ሚዛን የሚያውቅ እጅ ነው ያለኝ፤ አልሳትኩም።”

“አይቶሃል?”

“ዞር ብሎ አየኝ። በቀረችው ዓይኑ።”

ሄዘል የተጣመመውን ብረት ረግጣ አጠገቡ ቆመች። “ዛሬስ? መርቪን ወደ ሱቁ ሲሄድ ታውቅ ነበር?”

“ሂድ አላልኩትም።”

“አትሂድስ ብለኸዋል?”

ኸርቢ የታጠፈውን ዘንግ አንስቶ ሊያቃና ሞከረ። ስኒ ቢወረውርባት፣ ቢሰድባት በተሻላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ታያት።

“ጠዋት ምርኩዝህን ትይዛለህ” አለችው። “ሆስፒታል እንሄዳለን።”

“እዚያ የካቶሊኮች ሰፈር? እኔን? ይገድሉኛል።”

“ይግደሉህ።”

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሁለቱም ደነገጡ። አልመለሰችውም።

*

ፌሊም ዴቭሊን በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንደኛው የዓይኑ ቆብ ገብቶ ተሰፍቷል። ኸርቢ በምርኩዙ እየተጎተተ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲመጣ ቀና ብሎ አየ። ቀስ ብሎ ተነሳ። ኮቱን አወለቀ፣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

ኸርቢ ፊቱ ደርሶ ቆመ። “ፌሊም፤” አለ።

ፌሊም መታው። በሙሉ ትከሻው ነው የመታው፤ ምርኩዙ አንድ በኩል ኸርቢ ሌላ በኩል ወደቁ። ጭንቅላቱ ግድግዳውን ሲመታ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። ሄዘል እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች፤ ወደ አባቷ አንድ እርምጃ አልተራመደችም። ሊነሳ ሲሞክር ፌሊም ደገመው።

ነርሷ ሮጣ መጣች። “ምንድን ነው ይኼ? ምን ሆኖ ነው?”

“ተንሸራቶ ነው እህቴ” አለ ፌሊም እያለከለከ።

“አዎ፤” አለ ኸርቢ ከወለሉ ላይ፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። “ተንሸራትቼ ነው።”

ነርሷ አንዱንም አላመነችም፤ ጥጥ ልታመጣ ሄደች። ፌሊም በአንድ ዓይኑ ሄዘልን አያት። እሷ ላይ ግን እጁም ድምፁም አልከበደም።

“ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ? ሲቃዥ ያደረው ስምሽን እየጠራ ነው። ግቢ በይ፣ ሦስተኛው አልጋ ነው። እኔና ይኼ ሰውዬ ገና አልጨረስንም።”

“እርስዎ… አይጠሉኝም?” አለች ሄዘል።

“እጠላሽ ይሆናል። ጊዜ ስጪኝ። አሁን ግቢ።”

ካሃል ፊቱ አብጦ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታሽጓል።

“ለምን መጣሽ?”

“ልሰድብህ።”

“ስደቢኝ።”

“ውሸታም። ፈሪ። ቂመኛ። በየቅዳሜው ዓይን ዓይኔን እያየህ…” ድምፏ ተቆረጠ።

“ጨርሺው። ይገባኛል።”

“አታቻኩለኝ! ስሰድብህ አታቻኩለኝ።” አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ሰዓት ያልተቀመጠች ሰው አቀማመጥ ነበር። “እዚህ ከመምጣቴ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ገብቻለሁ። ስሙን ሰጥቻለሁ።”

“የማንን ስም?”

“የመርቪንን።”

ካሃል ቀና ሊል ሞከረና ጎኑ ስለወጋው ተመልሶ ወደቀ። በእነሱ ከተማ የገዛ ሰፈሯን ልጅ፣ ያውም የእናቷን ልጅ፣ ለፖሊስ አሳልፋ የሰጠች ሴት ወደዚያ ሰፈር አትመለስም። የልጅነት ጓደኞቿም፣ የእናቷ መቃብርም በዚያ በኩል ቀሩ።

“ሄዘል… ምን አደረግሽ?”

“አባዬም ፈርሟል። ‘ሊሄድ ሲል አውቄያለሁ፣ አልከለከልኩም’ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። እሱም አይመለስም።”

“ለኔ ብለሽ? ይኼን ሁሉ ላደረግኩብሽ ሰው?”

“ላንተ ብቻ መሰለህ? እኔ በዚያ ቤት ስንት ዘመን ስኒ ሲወረወር ጎንበስ እያልኩ አሳለፍኩ። በቃኝ። ከእንግዲህ ለማንም አልጎነበስም፤ ላንተም ቢሆን።” እንባዋ ግን ቃሏን እየቀደመ አገጯ ላይ ደረሰ። “ሁለተኛ ብትዋሸኝ፣ ካሃል ዴቭሊን፣ በትንሽ ነገር እንኳ ብትዋሸኝ…”

“አልዋሽሽም።”

“ትወደኛለህ?”

“አዎ።”

“ትፈራለህ?”

“በጣም።”

“እኔም።”

ከኮሪደሩ የሁለት ሽማግሌዎች ጩኸት ተሰማ። አንዱ “ኬኩን ከኔ ጋ እየበላህ!” ይላል፤ ሌላው የሚመልሰው አይሰማም። አንድ ነገር ተጋጭቶ ወደቀ። ካሃል በድንጋጤ ወደ በሩ አየ።

“ይገዳደላሉ! ሂጂና ገላግያቸው።”

“ይጯጯሁ” አለች ሄዘል። ተነስታ በሩን ገጠም አደረገችና ተመለሰች። “እስከ ዛሬ ዝም ብለው ምን አተረፍን?”

ጫማዋን አውልቃ፣ የተሰበረውን ጎኑን እንዳትነካ ተጠንቅቃ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ከአጠገቡ ጋደም አለች። ቀኝ እጁ በጀሶ ነው፤ ግራው ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ ሊያቅፋት አልቻለም። ያበጠ ጉንጩን ፀጉሯ ላይ አሳረፈ። ሕመሙ እስከ አንጎሉ ዘለቀው፤ አላነሳውም። ሄዘል እዚያው ሆና፣ ለወንድሟ፣ ለአባቷ፣ ለራሷም፣ እስኪወጣላት አለቀሰች።